ያልተጠየቀ ብድር፦ ከፍሬዝኖ ፖስታ እስከ አርዲያ ስልክ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ማታ ከሥራ ገብቶ የፖስታ ሳጥኑን ሲከፍት፣ ከመብራት ሒሳቡና ከልጁ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ጋር ሁለት ሦስት ወፈር ያለ ፖስታ ማግኘቱ የተለመደ ነው። ስሙ በመስኮቷ በኩል ይታያል፤ ከላይ «አስቀድሞ ተፈቅዶልዎታል» ይላል፤ ውስጡ የክሬዲት ካርድ ግብዣ ነው። ኩዌት፣ አርዲያ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህቱ ግን የፖስታ ሳጥን የላትም። በሩ ላይ ያለው ቁጥር የከፊሏ (የአሠሪዋ) ነው፤ ደብዳቤ ቢመጣም የሚመጣው በባባ ወይም በማዳም ስም ነው። ለእሷ ያልተጠየቀው ነገር የሚደርሰው በስልኳ ነው፦ በአጭር መልእክት፣ በዋትስአፕ፣ አንዳንዴም «ከባንክ ነው» በሚል ድምፅ። ወንድምና እህት ሁለቱም የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ነገር እንዴት ይቆማል? መልሱ ግን ለሁለቱ አንድ አይደለም፤ እንዲያውም ለወንድም የሚጠቅመው ምክር እህትን ሊጎዳ ይችላል። እንቢታ የሚሠራው ግብዣው በደረሰበት በር ላይ ሳይሆን ስማችን በተጻፈበት ዝርዝር ላይ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ማን ያዘው የሚለውን ሳያጣሩ «እንዲህ በልና አስቁም» ማለት ግማሽ ምክር ነው።

የነገሩ መነሻ ካሊፎርኒያ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬዝኖ በተባለች ከተማ ለ60,000 ነዋሪዎች ሳይጠይቁት ካርድ በፖስታ ላከላቸው። የላከው ማመልከቻ ወይም ማስታወቂያ አልነበረም፤ ኪስ ውስጥ ከገባ ወዲያው ዕቃ የሚገዛበት እውነተኛ የብድር ካርድ ነበር። ባንኩ በጊዜው የማይከፍለው ደንበኛ ከመቶ 4 አይበልጥም ብሎ ገምቶ ነበር፤ ቁጥሩ 22 ደረሰ። ካርዶች ከሳጥን ተሰረቁ፣ ተጭበረበሩ፣ ባንኩም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሚሊዮኖችን ከሰረ። ሥራውን የመራው ሰውም ብዙ ሳይቆይ ባንኩን ለቀቀ። ይሁን እንጂ ትምህርት የሆነው ኪሳራው ሳይሆን ዘዴው ነበር፤ ሌሎች ባንኮችም ተከተሉና በዐሥር ዓመት ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ካርዶች ሳይጠየቁ በየቤቱ ገቡ። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1970 ያልተጠየቀ ካርድ መላክን ከለከለ። ልብ ይባል፤ የተከለከለው ካርዱን መላክ ነው። ግብዣውን መላክ አልተከለከለም። ዛሬ በየሳጥኑ የሚከማቸው ወረቀት ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ያለፈ ነው።

ቀዳዳዋ እንዴት እንደምትሠራ ማየት ይጠቅማል። ባንኩ ኢኩዊፋክስን ወይም ኤክስፒሪያንን ወደመሳሰሉ የብድር መረጃ ድርጅቶች ይሄድና «ነጥባቸው ከዚህ በላይ የሆነ፣ ዕዳ ያላበዙ ሰዎችን ስጡኝ» ይላል። ድርጅቱ መዝገቡን አጣርቶ ስምና አድራሻ ይሸጥለታል። ሰውየው አላመለከተም፣ አልፈቀደም፤ መዝገቡ ግን ተከፍቶ ታይቷል። ሕጉ ይህን የፈቀደው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ መዝገብ አይቶ ግብዣ የላከ አበዳሪ፣ ሰውየው በመስፈርቱ እስከተገኘ ድረስ ብድሩን መስጠት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ሌላ ተጨመረ፤ የመረጃ ድርጅቶቹ «ስሜን ከዚህ ዝርዝር አውጡ» የሚል ሰው የሚደውልበት የጋራ ስልክ እንዲያዘጋጁ ተገደዱ። ቁጥሩ 1-888-567-8688 ነው፤ በድረ ገጽም ይቻላል። በስልክ ወይም በድረ ገጽ ለጠየቀ ለአምስት ዓመት ይቆማል፤ ለዘለቄታው ለሚፈልግ ፎርም ፈርሞ በፖስታ መላክ ግድ ነው። (ፖስታ የሰለቸውን ሰው በፖስታ ማስፈረም የማን ሐሳብ እንደነበር መጠየቅ ደስ ይላል።) እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በግብዣው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይህ መብት በአጭሩ እንዲጻፍ፣ ፊደሉም ከገጹ ዋና ጽሑፍ የበለጠና ከ12 ነጥብ ያላነሰ እንዲሆን ታዘዘ። ዝርዝር ማብራሪያው ግን ከጀርባ ወይም ከታች በ8 ነጥብ መውረድ ይችላል። የመብት ታሪክ በፊደል ቁመት ሲለካ እንዲህ ነው።

ይህ ሥርዓት አንድ ነገር በትክክል ይዟል፤ እንቢታውን ከበሩ አንሥቶ ወደ ዝርዝሩ ወስዶታል። ባንክ በባንክ እየዞሩ «አትላኩብኝ» ከማለት ምንጩን አንዴ መዝጋት ይሻላል። የደወለ ሰው ለጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ የታተመው ይመጣበታል፤ ከዚያ ይቀንሳል። ያልያዘው ነገር ግን መነሻውን ነው፤ ያልተናገረ ሰው እንደፈቀደ ተቆጥሯል። ዝምታ እሺታ ሆነ ማለት ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 ለኮንግረስ ባቀረበው ጥናት የብድር መዝገብ ካላቸው ሰዎች ስማቸውን ያስወጡት ከመቶ 6 ገደማ መሆናቸውን ጽፏል። የግብዣው ደጋፊዎች ይህን ቁጥር ያነሡና «እንግዲህ ሕዝቡ አልከፋውም» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መብቱን ያላወቀ፣ ያወቀም ማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሩን ለማያውቀው ድረ ገጽ መስጠት የፈራ፣ ነገ እደውላለሁ ብሎ የረሳ ሰው ሁሉ በዚያ ስሌት ደስተኛ ሆኖ ተቆጥሯል። ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ዝምታ የድካም እንጂ የፈቃድ ምስክር አይደለም።

ይኸው ጥናት ለተቃራኒው ወገን የሚሆን ጠንካራ ነጥብም አለው፤ መካድ አይገባም። ግብዣው ባንኮችን ያፎካክራል፤ ደንበኛው ከደጁ ሳይወጣ ወለድ ያወዳድራል፤ ትንሽ ባንክም ከትልቁ ደንበኛ መንጠቅ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን ፉክክሩ ለማን እንደሆነ እንይ። አጣርቶ መላክ ማለት መዝገብ ያለውን ሰው መፈለግ ነው። አዲስ የመጣ ስደተኛ መዝገብ ስለሌለው ግብዣው አይደርሰውም፤ የመጀመሪያ ካርዱን ራሱ ባንክ ሄዶ፣ ብር አስይዞ ነው የሚያወጣው። ጎርፉ የሚጀምረው እሱ በራሱ ጥረት መዝገብ ካቋቋመ በኋላ ነው። ስለዚህ «ግብዣ ባይኖር ድሃውና አዲሱ ብድር ያጣል» የሚለው ክርክር ቦታውን ስቷል። «ካልፈለግህ ቅርጫት ውስጥ ጣለው» የሚሉም አሉ። በአንድ ግቢ ሃያና ሠላሳ ሳጥን ተደርድሮ፣ የቀድሞው ተከራይ ፖስታ ለአዲሱ በሚደርስበት አፓርታማ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ስም፣ አድራሻና የግብዣ ቁጥር ያለበት ወረቀት የሌባ መሣሪያ ነው፤ ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ቀደህ ጣል ብለው የሚመክሩት ለዚህ ነው። የላኪው ዕቃ በተቀባዩ ጊዜና መቀስ የሚወገድ ከሆነ ወጪው ወደ ማን እንደተዛወረ ግልጽ ነው።

አሁን ወደ አርዲያ እንምጣ። አርዲያ በፈርዋኒያ ግዛት ያለች የኩዌት ከተማ ዳር ሰፈር ናት፤ አንድ በኩል ቪላዎች በየቅጥዓው (በየብሎኩ) ተደርድረዋል፣ ሌላው በኩል ሒረፊያ የሚባለው የጋራዥና የወርክሾፕ መንደር አለ። አድራሻ ቅጥዓ፣ ሻሪዕ (መንገድ)፣ ቤት እየተባለ ይነገራል፤ በየቤቱ ግንብ ላይም የሲቪል መረጃ ባለሥልጣኑ የሰጠው ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ተለጥፏል። የቤት ሠራተኛዋ ቢጣቃ (መታወቂያ ካርድ) ላይ የሚሰፍረው አድራሻም ይኸው የአሠሪዋ ቤት ነው። ባንክና ሱቅ ሰውን የሚፈልጉት ግን በዚያ ሰሌዳ አይደለም፤ በስልክ ቁጥሩ ነው። ኩዌት ውስጥ ሲም ካርድ ከቢጣቃ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቁጥሩ አድራሻም መታወቂያም ሆኖ ያገለግላል። የአሜሪካው ባንክ ስምና ደጅ ይገዛል፤ እዚህ የሚፈለገው ስምንት አኃዝ ብቻ ነው። ሲሙ በአሠሪዋ ስም የወጣ ከሆነ ደግሞ በስልኩ ላይ የሚመጣው ግብዣ ለእሷ ይሁን ለባባ እንኳ አይለይም።

የኩዌት የብድር ሥርዓት ራሱ ከአሜሪካው ይልቅ የተዘጋ ነው፤ ይህ በአብዛኛው ጥሩ ነው። ማዕከላዊ ባንኩ የሠራተኛ ወርኃዊ ክፍያ ከደመወዙ ከመቶ 40፣ የጡረተኛው ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ወስኗል። የፍጆታ ብድር ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ 25,000 ዲናር ነው፤ የሚከፈለውም በአምስት ዓመት ነው። ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት የሚያሳየውን መዝገብ ሲኔት የተባለው ሸሪካ (ኩባንያ) ይዞታል፤ እ.ኤ.አ. የ2019ኙ ቁጥር 9 ሕግ ይህን የመረጃ ልውውጥ ይገዛል፤ መርሑም መዝገቡ በደንበኛው ፈቃድ እንዲታይ ነው። እንግዲህ አሜሪካ ያለፈቃድ ገልጦ ካየ በኋላ «ካልወደድክ ንገረኝ» ሲል፣ ኩዌት «አስቀድመህ ፈርም» ይላል። በዚህ በኩል ትንሿ አገር ትልቋን ቀድማታለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያልዘጋችው ሌላውን መንገድ ነው። ባንክ የራሱን ደንበኛ ደመወዝ ያውቃልና መዝገብ መግዛት አያስፈልገውም፤ ደመወዟ በሒሳቧ ለሚገባ ነርስ ወይም ለሸሪካ ሠራተኛ «ብድርዎ ዝግጁ ነው» ብሎ በቀጥታ ይልካል። ይህ ግብዣ የት ሊያደርስ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2024 ማብቂያ ላይ በሕንድ ኬረላ ታይቷል። አንድ የኩዌት ባንክ ከ1,400 በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ በኩዌት ጤና ጥበቃ ሥር ይሠሩ የነበሩ ነርሶች፣ ወደ 7 ቢሊዮን ሩፒ ተበድረው ወደ ሌላ አገር ሄደዋል ሲል ለፖሊስ አመለከተ። የባንኩ አቤቱታ እንደሚለው ሰዎቹ መጀመሪያ ትንሽ ወስደው በደንብ ከፍለዋል፤ ትልቁ ብድር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ፍርድ ቤት ይየው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው፣ ጥሩ ከፋይ መሆን ራሱ ወደ ግብዣው ዝርዝር መግቢያ በር መሆኑን ማየቱ ነው። ኩዌት ውስጥ ደግሞ ዕዳ ከአሜሪካ ይከብዳል፤ አበዳሪ በፍርድ ቤት በኩል ተበዳሪውን ከአገር እንዳይወጣ ማሳገድ ይችላል። ለስደተኛ ይህ ማለት እናቱ ብትታመም ትኬት ቆርጦ መሄድ አይችልም ማለት ነው።

የእህታችን ነገር ግን ከነርሷም ይለያል። የቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2016 በ60 ዲናር ተወስኗል። ከመቶ 40ውን እናስላ፦ 24 ዲናር። በዚህ ልክ ለምትከፍል የቪዛ 20 (የቤት ሠራተኛ ቪዛ) ባለቤት ማስታወቂያ አውጥቶ፣ አባብሎ ብድር ለመስጠት የሚሮጥ ሕጋዊ ባንክ አይኖርም፤ ካርድማ አይታሰብም። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ የአሜሪካውን ነገር ይገለብጠዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ የደረሰው ግብዣ መዝገብ ታይቶ የተላከ ስለሆነ፣ ቢያሰለችም እውነተኛ ነው። አርዲያ የቤት ሠራተኛ ስልክ ላይ የደረሰ የብድር ግብዣ ግን ማንም አጣርቶ አልላከውም፤ ወይ ተሳስቶ መጥቷል፣ ወይ ወጥመድ ነው። ባንክ ለማበደር የሚፈልጋት ሰው አለመሆኗ ራሱ የግብዣው ሐሰትነት ማስረጃ ነው። ወጥመዱ ደግሞ መልኩን ለሚያውቀው አንድ ዓይነት ነው። «ያለ ዋስ፣ ያለ ደመወዝ ማስረጃ፣ በ24 ሰዓት» ይላል፤ የዋትስአፕ ቁጥር ይሰጣል፤ የባንክ ወይም የፖሊስ አርማ ምስሉ ላይ ለጥፏል። ስትጽፍለት የቢጣቃዋን ፊትና ጀርባ ፎቶ ይጠይቃታል። ቀጥሎ «ለፋይል መክፈቻ» የምትልክ ትንሽ ብር አለች። በመጨረሻ ስልኳ ላይ የሚመጣውን የኦቲፒ (የአንድ ጊዜ ማለፊያ) ቁጥር ንገሪኝ ይላል፤ እሱን ከነገረችው ሒሳቧ ውስጥ ያለው ሁሉ ሄዷል። እምቢ ስትልም ስልቱን ይቀይራል፦ «ካርድሽ ታግዷል፣ ከማዕከላዊ ባንክ ነው።» ማዕከላዊ ባንክ ለግለሰብ ደውሎ ካርድ አይከፍትም አይዘጋም፤ ይህን ማወቅ ብቻውን ብዙ ያድናል።

እዚህ ላይ ነው የወንድም ምክር ለእህት መርዝ የሚሆነው። እሱ «ስሜን አውጡ ብለሽ መልሽላቸው» ይላታል፤ ለእሱ ሠርቶለታልና። ለሌባ ግን «አቁም» ብሎ መመለስ ቁጥሩ ሰው እንዳለበት ማረጋገጥ ነው። እስከዚያ ድረስ ቁጥሯ ከሺህ ቁጥሮች አንዱ ነበር፤ ከመለሰች በኋላ የሚነገድበት ሆነ። ስለዚህ ለእሷ የሚበጀው ሳይመልሱ ብሎክ ማድረግ፣ ሪፖርት ማድረግና መተው ነው። በሌላ በኩል ግብዣው ሒሳብ ከከፈተችበት ባንክ ወይም ሲሙን ከገዛችበት የስልክ ድርጅት በተለመደው የላኪ ስም የመጣ ከሆነ፣ ላኪው የታወቀና ተጠያቂ ነውና በቅርንጫፉ ቀርቦ ወይም በአፕሊኬሽኑ በኩል የማስታወቂያ ፈቃድን መሰረዝ ያስኬዳል። ልዩነቱ የሚታየው በመልእክቱ ውበት አይደለም፤ የሚጠይቀው ነገር ምንድን ነው በሚለው ነው። ሕጋዊው ወደ ቅርንጫፍ ነይ ይላል፤ ሌባው ፎቶና ቁጥር ላኪ ይላል።

መንግሥታት ምን ሊያደርጉ ይችላሉ ለሚለው ጎረቤት አገር ምሳሌ አለ። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ የሚሠራ የስልክ ግብይት ደንብ አውጥታለች፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ መደወል አይቻልም፤ «አትደውሉልኝ» የሚል መዝገብ ውስጥ የገባ ቁጥር አይነካም፤ ቅጣቱ እስከ 150,000 ድርሃም ይደርሳል። ኩዌትም የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሥልጣኗ እ.ኤ.አ. በ2021 የዳታ ጥበቃ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በ2024 ሲሻሻል ግን ወሰኑ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ወደሚያወጡ ድርጅቶች ጠበበ። አምስተርዳም ከዚህ ሁሉ የተሻለውን አድርጋለች ባይ ነኝ። የደች ሰው ማስታወቂያ ካልፈለገ «አይ፣ አይ» የሚል ተለጣፊ በሩ ላይ ይለጥፍ ነበር፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ነገሩን ገለበጠችውና ስም ያልተጻፈበት የማስታወቂያ ወረቀት የሚገባው «አዎ» ብሎ ለለጠፈ ብቻ ሆነ። ወረቀት ነጋዴው ተቃወመ፣ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ከተማዋ አሸነፈች። ይህ ለብድር ግብዣ ቢሠራ ነጋዴው አይጠፋም፤ የፈለገውን ሰው ብቻ ያገኛል።

ከአበሻው ወገን የሚነሣ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። «ባንክ አያበድራት፣ ግብዣም ይከልከል፣ ታዲያ የምትቸገር ሴት ወዴት ትሂድ? ወደ አራጣ?» ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን ግብዣ ብድር አለመሆኑ ነው፤ ማስታወቂያ ለበዛበት ሰው ብድር በዛለት ማለት አይደለም። የአርዲያና የፈርዋኒያ ሴቶች ገንዘብ ሲያስፈልጋቸው የሚሄዱበት መንገድ አላቸው፤ ዓርብ ሲገናኙ የሚጥሉት እቁብ፣ ባቃላው (የሰፈር ሱቁ) የሚጽፍላቸው ዱቤ፣ የአገር ልጅ ብድር። እቁብ ማንንም በስልክ አያሳድድም፤ የምትገባው የሚያውቃት ሰው ያስገባትና ራሷ እሺ ያለች ናት። ጉድለቱም የታወቀ ነው፤ ጻፊው ብሩን ይዞ ቢጠፋ የሚከሰስበት ቦታ አይገኝም። ያም ሆኖ ፈቃድን በመጠየቅ ረገድ ከባንኩ ይልቅ የሠለጠነ ነው። አገር ቤትም ይኸው ጥያቄ በሌላ በር እየገባ ነው። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ ብድሮችን አመጣ፤ ያለ ዋስ፣ ስልክ ላይ ባለ የአጠቃቀም ታሪክ። ለብዙ ትንንሽ ነጋዴ ጠቅሟል። ነገር ግን የአጠቃቀም ታሪክ ማለት ያው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝር ባለበት ግብዣ ይከተላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው ይህ ገበያ ገና ልጅ ሳለ መሆኑ ዕድል ነው፤ አሜሪካ ፍሬዝኖ ላይ ካርዱ ከተበተነ 12 ዓመት ቆይታ ነበር የነቃችው።

ለማንኛውም አርዲያ ውስጥ አንድ ነገር እስካሁን መልስ አላገኘም። ሠራተኛዋ ኮንትራቷን ጨርሳ ቦሌ ስትወርድ ሲሙ ይዘጋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ምናልባት ለሌላ አበሻ። አዲሷ ባለቁጥር ገና ስልኳን ከማብራቷ የማታውቀው ስም እየተጠራ «ውድ ደንበኛችን» የሚል መልእክት ይደርሳታል። እሷ ማንንም አልፈቀደችም፤ የፈቀደችው ሰው ደግሞ ደሴ ወይም ጅማ ናት፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ግን ሁለቱም ሳይሆኑ ቁጥሩ ነው።